ለድንገተኛ መቋረጥና ለአጋኖ የእንግሊዝኛ ብርቅ ቃላት፦ ስማቸው፣ ልዩነታቸው፣ በአማርኛ አጻጻፋቸው

የተውኔት ብዕር

ሰላም ለቤቱ። የድሮ የእንግሊዝኛ ተውኔት ለምትተረጉሙ፣ ሰብታይትል ለምትሠሩ፣ እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ እህት ወንድሞች ጥያቄ አለኝ። እኛ ጋ ባለው የሰዋስው መጽሐፍ የማገኘው ስም አንድ ነው፦ ቃለ አጋኖ። እንግሊዝኛው ግን ሰው ንግግሩን ራሱ ሲያቋርጥ፣ ሌላው ሲያቋርጠው፣ ተገርሞ ሲጮኽ፣ እየረገመ ሲጮኽ ለየብቻው ስም አለው። አፖሳዮፒሲስ፣ ኤክፎኒሲስ፣ አናኮሉቶን የሚሉትን መዝገበ ቃላት ላይ አይቻለሁ፤ ፍቺያቸው ግን ሁሉም እየተቀራረበ ያምታታል። የምፈልገው የሚለዩበትን ነጥብ፣ ወደ አማርኛ ሲመጡ ምን እንደሚበላሽ፣ እና ሥርዓተ ነጥቡን ነው። ዛውንድዝ፣ ጋድዙክስ፣ ፒሽ፣ ኦዬዝ የሚሉትንም የምታውቁ ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።

መምህር ዘነገር

እህቴ፣ ፍቺውን ብቻ ከያዝሽ መምታታቱ አይቀርም። እያንዳንዱን ቦታ ስታገኚ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ንግግሩን የቆረጠው ማን ነው? ከተቆረጠ በኋላስ ተመልሶ ተቀጠለ ወይስ እዚያው ቀረ?

ተናጋሪው ራሱ ቆርጦ ሳይመለስ ከቀረ አፖሳዮፒሲስ ነው። የግሪኩ መነሻ «ዝም ማለት» ነው፤ ሲነበብ ጫናው «ፒ» ላይ ያርፋል፣ ሲበዛ መጨረሻው «ፒሲዝ» ይሆናል። የሚቆርጠው ቁጣ፣ ፍርሃት ወይም እፍረት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም «የቀረውን አንተው ታውቀዋለህ» ለማለት ነው። የሮማው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን እንደመዘገበው ታዋቂው የሮማ ተናጋሪ ሲሴሮ ይህን በላቲን «ሬቲኬንሲያ» ይለው ነበር፤ ሌሎች ደግሞ «ኢንተሩፕሲዮ» ይሉታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በዛሬው እንግሊዝኛ ኢንተራፕሽን ሲባል ሌላው ሰው ሲያቋርጥ ነው፤ በድሮ የንግግር ጥበብ መጻሕፍት ግን ራስን ማቋረጥም በዚሁ ስም ይጠራል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆርጅ ፑተናም በ1589 (እ.ኤ.አ.) የግሪኮቹን ስሞች በአገሩ ቋንቋ ሲሰይም አፖሳዮፒሲስን «የዝምታ ዘይቤ» አለው፣ ኤክፎኒሲስን ደግሞ «ጩኸት»። ለመነሻ እነዚህ ሁለቱ ከመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ይልቅ ይረዱሻል።

በአንድ አሠራር የጀመረው ዓረፍተ ነገር በሌላ አሠራር ካለቀ አናኮሉቶን ነው። ንግግሩ አልቆመም፤ ሰዋስዉ ብቻ መንገድ ቀየረ። ለአማርኛ ተርጓሚ ይህ ከሁሉም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም የእኛ የአፍ ንግግር በባሕርዩ እንዲህ ነው። «ያ ሰውዬ፣ ትናንት ያየነው፣ ቤቱን ማን ነው የገዛለት?» ቢባል ማንም እንግዳ ነገር ሰማሁ አይልም። እንግሊዝኛው ገጸ ባሕርዩ መደናገጡን ለማሳየት አናኮሉቶን ከተጠቀመና አንቺ እንዳለ ካስገባሽው፣ አማርኛው ላይ ተራ ወሬ ይሆናል። መስበሩ እንዲሰማ ከተፈለገ የሰውን መደብ ወይም ጊዜውን ማናጋት ያስፈልጋል።

«ቢሆን ኖሮ» ብሎ ውጤቱን ሳይናገር የሚተወው አናፖዶቶን ይባላል። በአማርኛ ይህ ሙሉ ንግግር ነው፦ «ብትነካት!» ዛቻ ነው፣ «ኧረ ብታዪው!» አድናቆት። ነጠብጣብ እንኳ አያስፈልገውም። ራስን ማረም ደግሞ ኤፓኖርቶሲስ ነው፤ «ሦስት ሰው፣ ምን ሦስት፣ ሠላሳ ሰው መጣ» እንደማለት። መሐል ሐሳብ አስገብቶ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ፓረንተሲስ ነው፤ ብዙ ሰው ቃሉን ለቅንፉ ብቻ ይመስለዋል እንጂ መጀመሪያ ስሙ የንግግሩ ነው። «ስለ ስርቆቱ አላነሳም» እያሉ ማንሳት ደግሞ ፓራሊፕሲስ ነውና ከአፖሳዮፒሲስ ጋር አትቀላቅዪው፤ በፓራሊፕሲስ ነገሩ ተነግሮ አልቋል፣ በአፖሳዮፒሲስ ግን አልተነገረም።

የተውኔት ብዕር

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች ነገሩን ለዩልኝ። አሁን የቸገረኝ አፖሳዮፒሲሱ ራሱ ነው። እንግሊዝኛው «አደርጋለሁ» ብሎ ግሱን ከተናገረ በኋላ ነው የሚቆርጠው፤ የእኔ አማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ስለሆነ ሲቆረጥ ምኑም አይቀርም።

ግስ በመጨረሻ

ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው፤ እኔም ልናገር የምፈልገው ስለዚሁ ነው።

በእንግሊዝኛ ባለቤቱና ግሱ ፊት ስለሚመጡ፣ ንግግሩ የትም ቢቆረጥ አንባቢው ማን ምን ሊያደርግ እንደነበር ይዟል፤ የሚጎድለው ተሳቢው ወይም ማሟያው ነው። በአማርኛ ግን ማንነቱም፣ ጊዜውም፣ አሉታውም የሚገኘው ግሱ ላይ ነው። ስለዚህ ቃል በቃል ከቆረጥሽ ከታሰበው በላይ ይጠፋል።

በሼክስፒር ተውኔት ያለውን የታወቀውን የንጉሥ ሊር ንግግር ውሰጂ፣ ሁለተኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት። ሁለቱን ልጆቹን ሲዝት ሁለት ጊዜ ይቆርጣል። የመጀመሪያው «ዓለም ሁሉ» ብሎ ረዳት ግሱ ላይ ሲደርስ ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ነው፤ «ዓለም ሁሉ —» ብሎ መተው ይበቃል፣ ባለቤቱ ተነግሯል፣ ምን እንደሚሆን አልተነገረም፣ እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ሁለተኛው ግን «እንዲህ ያለ ነገር አደርጋለሁ —» ነው። እዚህ ላይ «እንዲህ ያለ ነገር —» ብለሽ ከቆረጥሽ ዛቻው ከማን እንደሆነ ጠፋ። መፍትሔው ግሱን ወደፊት ማምጣት ነው፦ «አደርጋለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር — ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም።» የተቆጣ ሰው በአማርኛም ግሱን ያስቀድማል፤ «ገደልኩህ ዛሬ!» ነው የሚለው። ስለዚህ ሰዋስው አልጣስሽም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እዪ። የሮማው ባለቅኔ የቨርጂል ግጥም ኤኔይድ፣ መጽሐፍ አንድ፣ መስመር 135፣ የባሕሩ አምላክ ኔፕቱን ያለ ፈቃዱ ማዕበል ያስነሡትን ነፋሶች ሲቆጣ «ክዎስ ኤጎ —» ብሎ ይቆርጥና ማዕበሉን ማረጋጋት ይሻላል ይላል። የአፖሳዮፒሲስ ምሳሌ ሲጠቀስ በብዛት የሚነሣው ይህ ነው። ላቲኑ የያዘው ተሳቢና ባለቤት ብቻ ነው፣ ግስ የለውም። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እዚህ ጋ ይጨነቃሉ፤ ተሳቢን ከግስ በፊት ማስቀመጥ ለቋንቋቸው አይመችምና። አማርኛው ግን ያለ ምንም ጥረት ይገባል፦ «እናንተን እኔ —» ተሳቢ ምልክቱ «ን» ግሱን እየጠበቀ ይቀራል፣ ዛቻውም ይሰማል። ከላቲኑ የእንግሊዝኛ ትርጉም እየተረጎሙ «እኔ እናንተን አሳያችኋለሁ» ብለው የሚዘጉ አሉ። መዝጋት አያስፈልግም ነበር።

በነገራችን ላይ መሐላችን ሁሉ በዚሁ አሠራር የተሠራ ነው። «ማርያምን!»፣ «ሚካኤልን!»፣ «እናቴን!» ስንል «ን» የተረሳ ግስ ተሳቢ ምልክት ናት።

ሰብታይትል ሠሪ

«ግስ በመጨረሻ» ያለው ላይ ልጨምር፤ በሰብታይትል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ቃል መሐል መቁረጥ ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ የት እንደምንቆርጥ መምረጥ አለብን።

ኃላፊ ጊዜ ላይ መቁረጥ አደገኛ ነው። «መጣሁ» ከሚለው ላይ «ሁ»ን ብትቆርጡ «መጣ —» ይቀራል፣ ያ ደግሞ ሙሉ ቃል ነው፤ «እኔ» የነበረው «እሱ» ሆነ። ኃላፊ ጊዜ መደቡን በመጨረሻው ፊደል ነው የሚይዘው። «እመጣለሁ» ወይም «ልመጣ ነው» ከሆነ ግን መደቡ ፊት ላይ ስላለ «እመጣ —» ቢባልም የተናጋሪው መሆኑ አይጠፋም። እንግሊዝኛው ኃላፊ ቢሆንም እንኳ አንዳንዴ «ልነግርህ ስ —» ዓይነት ብልሃት መፈለግ ያስፈልጋል።

አሉታ ደግሞ ይረዳናል። «አል» ፊት ስለሚመጣ «እኔ አልሰረ —» ብሎ የተቆረጠ ሰው መካዱ ይታወቃል። እንግሊዝኛው ከዚህ የተሻለ አይሰጥም። ግን «አልሰ —» ላይ ከቆረጣችሁ ሰማ ነው፣ ሰበረ ነው፣ ሰጠ ነው፣ አይለይም። ሁለተኛው የግሱ ተነባቢ እስኪነበብ ቆዩ፣ ከዚያ ቁረጡ። ከቆረጣችሁ በኋላም የቀረውን ለብቻው አንብቡት፤ ሌላ ሙሉ ቃል ከሆነ ቦታውን ቀይሩ። «ገባ»፣ «በላ»፣ «አየ» ውስጥ ይህ ዘወትር ያጋጥማል።

የቃል ጓዳ

ስለ ኤክፎኒሲስ ማንም ገና አላነሣም። በስሜት መጮኽን ሁሉ የሚይዝ አጠቃላይ ስም ነው፤ ጫናው «ኒ» ላይ። በላቲን «ኤክስክላማሲዮ» ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት በአሤረኛው ሴናተር በካቲሊና ላይ የተናገረው «ኦ ቴምፖራ፣ ኦ ሞሬስ» ነው። «ዘመን ሆይ» ብለው የሚተረጉሙትን አልቀበልም። «ሆይ» መጥሪያ ነው፤ ሰሚ ይፈልጋል። ሲሴሮ ዘመኑን እየጠራው አይደለም፣ ጉድ እያለበት ነው። ስለዚህ «ወይ ዘመን! ወይ ምግባር!» ይሻላል። እውነተኛ ጥሪ ሲሆን ግን፣ ማለትም ተናጋሪው ከሰሚዎቹ ዞር ብሎ ለሞት ወይም ለአገር ሲናገር፣ ስሙ አፖስትሮፊ ይሆናል፤ እዚያ «ሞት ሆይ» በትክክል ይገባል።

እንግሊዝኛው ራሱ ይህን በአጻጻፍ ይለያል። የመጥሪያው «ኦ» አንድ ፊደል ብቻ ነው፣ ሁልጊዜ በትልቁ ይጻፋል፣ ከኋላውም ነጠላ ሰረዝ አይገባም። የስሜቱ «ኦህ» ሁለት ፊደል ነው፣ ብዙ ጊዜ ነጠላ ሰረዝ ወይም ቃለ አጋኖ ይከተለዋል። ጽሑፉ የቱን እንደተጠቀመ ካያችሁ «ሆይ» ይሁን «ወይ» ከግማሽ በላይ ተወስኗል። ግዕዙ ደግሞ መጥሪያውን ከስሙ ጋር ያጣብቃል፤ «እግዚኦ» ውስጥ ያለችው «ኦ» እሷ ናት።

በኤክፎኒሲስ ሥር ያሉ ብርቅ ስሞችም አሉ፤ ለእኛ የሚገርመው ለእያንዳንዱ የተዘጋጀ ቃል ያለን መሆኑ ነው። ቶማዝመስ የመደነቅ ጩኸት ነው፣ «ጉድ!»፣ «ወቸ ጉድ!»። ፒያኒዝመስ የደስታ ነው፣ «እሰይ!»፣ «እልል!»። አራ እርግማን ነው። ዲኢሲስ በአምላክ ወይም በሰው ስም የሚለመን ልመና ነው፣ «ስለ ማርያም!»፣ «በሞቴ!»። ትሬኖስ ሙሾ ነው። ንግግር ተናግሮ ሲጨርስ በአንድ የአጋኖ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ደግሞ ኤፒፎኒማ ይባላል፤ ከኤክፎኒሲስ ጋር በስም ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታዋል፣ ኤፒፎኒማ ግን መጨረሻ ላይ ካልሆነ ኤፒፎኒማ አይደለም።

ጥንተ መሐላ

ዛውንድዝና ጋድዙክስ ስለተጠየቁ። እነዚህ የአምላክ ስም የተሸሸገባቸው መሐላዎች ናቸው። ዛውንድዝ «በአምላክ ቁስሎች» ነው፣ ስብለድ «በአምላክ ደም»፣ ጋድዙክስ «በአምላክ ችንካሮች» ነው ይባላል። ኢጋድ፣ ጎሽ፣ ጎሊ ሦስቱም የአምላክን ስም ቀይረው የሚጠሩ ናቸው። ብላይሚ «አምላክ ያሳውረኝ» የነበረ ነው።

የመሸሸጉ ምክንያት በከፊል ሕግ ነው። በ1606 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ በተውኔት መድረክ ላይ የአምላክን፣ የክርስቶስን፣ የመንፈስ ቅዱስን ወይም የሥላሴን ስም በቀልድ ወይም በድፍረት የጠራ ለእያንዳንዱ ጥፋት 10 ፓውንድ ይቀጣ ነበር። ውጤቱ በታተሙት መጻሕፍት ላይ ይታያል፤ የሼክስፒር ኦቴሎ በ1622 ለብቻው ሲታተም የነበሩት መሐላዎች የሼክስፒር ተውኔቶች ተሰብስበው በ1623 በታተሙበት ትልቁ ጥራዝ ውስጥ በብዛት ተሰርዘዋል። ስለዚህ፣ የተውኔት ብዕር፣ የትኛውን ቅጂ እየተረጎምሽ እንደሆነ አስቀድመሽ እዪ፤ አንዱ ቅጂ ላይ መሐላ ያለበት ቦታ ሌላው ላይ ባዶ ነው።

ስትተረጉሚ ኃይሉን መዝኚ። ዛውንድዝ በዘመኑ ከባድ ነበር፤ በኋላ ግን ቀልሎ በአስቂኝ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ለ17ኛው መቶ ዘመን ወታደር «በክርስቶስ ደም!» ማለት ይቻላል፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ሽማግሌ ለሚለው «ጎሊ» ግን «ወይ ጉድ!» ይበቃዋል።

የቃል ጓዳ

በአንዱ አልስማማም። «በክርስቶስ ደም» ለአማርኛ አንባቢ የቅዳሴ ድምፅ አለው፣ የወታደር አይሆንም። ወታደር በአማርኛ የሚምለው በሰው ነው፤ «አባቴ ይሙት!»፣ «የጌታዬ ሞት!»። ክብደቱም ዘመኑም በዚህ ይገኛል።

ጥንተ መሐላ

ገጸ ባሕርዩ ሃይማኖት የለሽ መስሎ እንዲታይ ከተፈለገ ያንተ ይሻላል። ሊያስደነግጥ ከተፈለገ ግን የቅዳሴው ድምፅ ራሱ ነው የሚያስደነግጠው፤ በ1606 የተከለከለውም ለዚያ ነው። በዘመኑ ያ መሐላ የሰሚውን ጆሮ ይቆጠቁጥ ነበር፣ የእኛንም አንባቢ ቢቆጠቁጠው ትርጉሙ ሠርቷል።

ሰብታይትል ሠሪ

ድምፃቸው ተመሳስሎ ፍቺያቸው የሚጣላ አጋኖዎችን ልጥቀስ፤ በችኮላ ሥራ ላይ ዘወትር ያጋጥማሉ።

የእንግሊዝኛው ጎሽ መገረም ነው፣ የእኛ ጎሽ ማመስገን። የእንግሊዝኛው «አይ» በድሮ ጽሑፍ፣ በስኮትላንድና በመርከበኞች አፍ «አዎ» ነው፣ የእኛው «አይ» ግን እምቢታ ወይም ቁጭት። የተጻፈውን ሳያዩ በጆሮ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በእንግሊዝኛ «ተት ተት» ተብሎ የሚጻፈው የምላስ ጠቅታ ተግሣጽ ነው። እኛ ጋ «ምጽ» ማለት ማዘን ነው። አንድ ኢትዮጵያዊት እናት የጎረቤቷን ሐዘን ሰምታ ከንፈሯን ስትመጥ ወደ እንግሊዝኛ «ተት» ብሎ ካስገቡት ሐዘንተኛዋን የምትወቅስ ትመስላለች።

ሦስተኛው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት ነው። በአማርኛ ፊልም ላይ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የሚጽፉ የውጭ ሰዎች «ደነገጠ» ብለው በቅንፍ ያስቀምጡታል። መስማማት ነው፤ «አዎ» ተብሎ ይጻፍ። የንግግር ተራን የሚያጠኑ ምሁራን ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽን ለብቻው ምልክት ሰጥተው ይመዘግባሉ፤ ነጥብ አስቀድመው የ«ህ» ድምፅ የሆነውን ፊደል ይደጋግማሉ። ሰብታይትል ላይ ግን ያ ቦታ የለውም።

እልልታንም በተመለከተ፦ «አሉሌሽን» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ለዋይታም ያገለግላል። የሠርግ ትዕይንት ላይ «የደስታ» የሚል ቅጽል ካልተጨመረ አንባቢው ልቅሶ ሊሰማው ይችላል።

መምህር ዘነገር

ሌላ ጥንቃቄ የሚያሻው በ19ኛው መቶ ዘመን ልቦለድ ውስጥ «ሲል ተናገረ» በሚለው ቦታ የሚመጣው «ኢጃኩሌትድ» ነው። ላቲኑ «ጦር እንደመወርወር» ስለሆነ ድንገት አፍ ያመለጠ ቃል ማለት ነው፤ አጭር የልብ ጸሎትም በዚሁ ስም ይጠራል። ዛሬ ቃሉን የወሰደው ሥነ ተዋልዶው ስለሆነ ተማሪዎች ይደነግጣሉ፣ የማሽን ትርጉምም ያበላሸዋል። «ሲል ድንገት አመለጠው» ወይም «ብሎ ጮኸ» በቂ ነው።

ክፍል ውስጥ ለሚያስተምሩም፦ ኢንተርፔሌሽንና ኢንተርፖሌሽን አይምታቱ። የመጀመሪያው በመነሻው «ንግግር ማቋረጥ» ሆኖ በፊንላንድና በፖላንድ ፓርላማ ለመንግሥት የሚቀርብ መደበኛ ጥያቄ ስም ነው። ሁለተኛው በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ባዕድ ቃል ማስገባት ነው። በስብሰባ መሐል ተናጋሪን በጩኸት ማስቸገር ሄክል ነው፤ ቃሉ የተልባ ቃጫ ማበጠሪያ መሣሪያ ስም ነበር። ባራክ በብሪታንያ ተናጋሪን መጮኽበት ሲሆን በአውስትራሊያ «ባራክ ፎር» ከተባለ ግን መደገፍ ነው፤ ተቃራኒ ነው። በብሪታንያ ፓርላማ የሚሰማው «ሂር፣ ሂር» ደግሞ «ስሙት፣ ስሙት» ከሚለው ያጠረ ድጋፍ ነው። «ስማ!» ብሎ እንደማቋረጥ አድርጎ መተርጎም ስህተት ነው፤ «እውነት ነው!» ይበለው።

ግስ በመጨረሻ

ቲሚሲስም መነሣት አለበት፤ ቃል ተሰንጥቆ መሐሉ አጋኖ የሚገባበት ነው። «አብሶሉትሊ» የሚለው ቃል ውስጥ «ብለዲ» ገብቶ «አብሶ-ብለዲ-ሉትሊ» ይባላል። የሚገባበት ቦታ እንዲሁ አይደለም፤ በአብዛኛው ዋናው ጫና ካለበት ቀለም ፊት ነው፣ እዚህ ላይ ከ«ሉት» በፊት። አማርኛ ቃሉን አይሰነጥቅም። ኃይሉን በድግግሞሽ ወይም በማጥበቅ እናመጣለን፦ «ፈጽሞ፣ ፈጽሞ!»፣ «ምንም ቢሆን ምንም!»። የተሰነጠቀ የአማርኛ ቃል መፍጠር ከንቱ ድካም ነው።

የተውኔት ብዕር

ይህን ሁሉ ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ፒሽና ኦዬዝ ቀሩ፣ ሥርዓተ ነጥቡም።

ጥንተ መሐላ

ፒሽ፣ ተሽ፣ ፕሾ ሦስቱም ማጣጣል ናቸው፤ «ኤዲያ!» ለሦስቱም ይበቃል። ፋይ ማሳፈር ነው፣ «ኧረ እፈር!»። አቮንት «ወግድ!» ነው። ሃይ-ሆ የዛሬው አንባቢ የደስታ ይመስለዋል፣ በድሮ ተውኔት ግን የድካምና የትካዜ ትንፋሽ ነው። አላክ፣ ላካደይ፣ ዌላዌይ የሐዘን ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛ የበለጠ ይመርጣል፤ ለራስ «ወይኔ»፣ ለሌላው «ወዮልህ»፣ «ወዮላችሁ» ስለምንል እንግሊዝኛው ለማን እንደሚያለቅስ ሳይወሰን ቃሉ አይጻፍም። ቄስ ወይም ነቢይ ከሆነ ተናጋሪው የግዕዙ «አሌ ሊተ»፣ «አሌ ለክሙ» ክብደት ይጨምራል።

ኦዬዝ በኖርማን ፈረንሳይኛ «ስሙ» ነው፤ የፍርድ ቤት ወይም የአዋጅ ጠሪ ሦስት ጊዜ ይጮኸዋል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ሲከፈት እስከ ዛሬ ይባላል። ለአደባባይ አዋጅ ነጋሪ «አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» የሚለውን የእኛን ተጠቀሚ፣ ሦስት ጊዜነቱንም ጠብቂ። ለዘመናዊ ችሎት ግን ይህ አይሆንም፣ ነጋሪት ያሰማል፤ «ስሙ! ስሙ! ስሙ!» ይበቃል።

ሰብታይትል ሠሪ

ሥርዓተ ነጥብ፦ ድንገት ለተቆረጠ ረጅም ሰረዝ፣ እየደከመ ለጠፋ ሦስት ነጥብ። ሁለቱን መቀላቀል የተዋናዩን አነባበብ ይቀይረዋል፤ ሦስት ነጥብ ያየ ተዋናይ ድምፁን እያሳነሰ ይተዋል፣ ሰረዝ ያየ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከሰረዙ በኋላ አራት ነጥብ አይገባም። ከተቆረጠ በኋላ ሌላው ሰው ከተናገረና የመጀመሪያው ከተመለሰ፣ መመለሻውንም በሰረዝ ጀምሩ። በዊንዶውስ አልት ቁልፍን ይዞ በቁጥር ሰሌዳው 0151 መምታት ነው፤ በማክ ኦፕሽንና ሺፍት ከሰረዝ ጋር፤ በስልክ ሰረዙን ተጭኖ መቆየት። የአማርኛ ኪቦርድ ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ ሁለት ሰረዝ ሲጻፍ አያገናኙትም፤ ከመላካችሁ በፊት እዩት።

ጥያቄና አጋኖ በአንድ ላይ ለመጻፍ ማርቲን ስፔክተር የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ በ1962 ኢንተሮባንግ የሚባል አንድ ምልክት አቅርቦ ነበር፤ «ባንግ» በአታሚዎች ቋንቋ ቃለ አጋኖ ነው። በዩኒኮድ (በኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት) አለ፣ ግን ብዙ የግዕዝ ፎንቶች አይዙትም፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። «?!» ጻፉ። የተገለበጠው ቃለ አጋኖ ደግሞ በእኛ ትእምርተ ስላቅ ስለሆነ፣ የስፓኒሽ ገጸ ባሕርይ ሲኖር የመክፈቻውን ምልክት አስወግዱ፤ አለዚያ ሰውዬው የሚያላግጥ ይመስላል።

የቃል ጓዳ

የቃለ አጋኖው የድሮ እንግሊዝኛ ስም «የአድናቆት ምልክት» ነበር፣ ከእኛው ትእምርተ አንክሮ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በድሮ ጽሑፍ ላይ ምልክቱ ሲመጣ ጩኸት ብቻ ነው ብላችሁ አታንብቡት፤ በቀስታ የተነገረ መደነቅም ሊሆን ይችላል።

የተውኔት ብዕር

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በአዲሶቹ የእንግሊዝኛ ተውኔቶች ሁለት ተዋናዮች ንግግራቸው እንዲደራረብ፣ ሁለተኛው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያዘነበለ መስመር ይደረጋል። እንዳለ ልገልብጠው?

ግስ በመጨረሻ

አትገልብጪው፤ ቦታው ይበላሻል። «ቤቱን ሸጥኩት / ለወንድምህ» በሚለው የእንግሊዝኛ አቀማመጥ ሁለተኛው ሰው ግሱን ስለሰማ «ሸጥከው?!» ብሎ መግባት ይችላል። አማርኛሽ «ቤቱን ለወንድምህ / ሸጥኩት» ከሆነ ገና ያልተባለ ግስ ላይ ነው የሚመልሰው። ወይ ግሱን አስቀድሚ፣ «ሸጥኩት፣ ቤቱን፣ / ለወንድምህ» በዪ፤ ወይ ሁለተኛው ሰው እስከዚያ በሰማው ላይ ይግባ፣ «ለማን?!» ይበል። ከሁለቱ የቱን እንደምትመርጪ የሚወስነው የድንጋጤው ምክንያት ነው፤ ያስደነገጠው መሸጡ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ገዢው ከሆነ ሁለተኛው። ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሁለተኛው ሰው ያልሰማውን ነገር እየመለሰ ከሆነ መስመሩን አንድ ቃል ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አስጠጊው።